ሁሉም እኩል ያላዩት ጦርነት

በሜይ 1996 የአሜሪካው ፎክስ ቴሌቪዥን፣ ከስድስት ዓመት በላይ ከአየር ላይ ጠፍቶ የቆየውን የእንግሊዞች ድራማ «ዶክተር ሁ»ን በአንድ ፊልም ከሞት ሊያስነሳው ሞከረ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ በትረካ ይከፈታል። ተራኪው የቀድሞ ጠላቱ ማስተር ስካሮ በምትባል ፕላኔት ላይ ለፍርድ እንደቀረበ፣ ሟቹ አጽሙ ወደ ጋሊፍሬይ እንዲመለስለት እንደተናዘዘ፣ አደራውንም የተቀበለው እንደ እርሱ የጊዜ ጌታ የሆነው ተራኪው ራሱ እንደሆነ ይነግረናል። ከበስተጀርባ የሚጮህ የብረት ድምፅ ይሰማል፤ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚናገር የለም። ተመልካቹ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል አራት እንግዳ ስም ወረደበት።

ከዚያ የድራማው ዋና ሰው ዶክተሩ፣ አንድ ጎልማሳ ሰው፣ በጊዜ ውስጥ በሚጓዝ ሰማያዊ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሲያነብ እናያለን። ሣጥኑ ሳን ፍራንሲስኮ ያርፋል፤ ሰውየው ከበሩ ብቅ እንዳለ በወሮበሎች ጥይት ይመታል። ሁለት ልብ እንዳለው የማታውቅ ሐኪም ስታክመው ሕይወቱ ታልፋለች። ሬሳ ክፍል ውስጥ ደግሞ በሌላ ተዋናይ መልክ ይነሳል፤ የፊልሙ እውነተኛ ባለቤትም ይኼኛው ነው። ድራማውን አይቶ የማያውቅ አሜሪካዊ፣ መልኩን ከለመደው ሰው ጋር ገና ሳይተዋወቅ ቀብሩን፣ ቀጥሎም ትንሣኤውን እንዲያይ ተገደደ።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንዲሉ፣ ሠሪዎቹ ነገሩን ከሥሩ ጀምረውታል። ችግሩ ሥሩ የ26 ዓመት ርዝመት ነበረው። አዲሱ ተመልካች ግራ ሲጋባ ለነባሩ ደግሞ ነገሩ ለቀባሪ አረዱት ሆነ፤ በዚያ ላይ ዶክተሩ በእናቱ በኩል ግማሽ ሰው ነው የሚል ማንም ያልጠየቀው ምስጢር ተጨመረለት። በብሪታንያ ወደ 9 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። በአሜሪካ ግን የተመልካቹ ቁጥር አላረካም፤ ተከታታዩ ድራማ ሳይሠራ ቀረ።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከዚያ ሽንፈት ይነሳል። የተወደደ የሳይንስ ልብ ወለድ ዓለምን ከዓመታት በኋላ እንደገና ለመክፈት የሚነሳ ሰው ሁለት ዓይነት ሰዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ሁሉን ያውቃል፤ ሌላኛው ምንም አያውቅም። አንዱን ካስደሰተ ሌላው ይቀየመዋል ይባላል። አብዛኛው ባለሙያም መፍትሔው መሐል ላይ ነው ይላል፤ ትንሽ ማብራሪያ ለአዲሱ፣ ትንሽ ማስታወሻ ለነባሩ። እኔ ይህ ምክር የተሳሳተ ይመስለኛል። በ2005 የተሳካለት ሰው ያደረገው ከዚህ በጣም የተለየ ነበር፤ እርሱን ለማየት ግን ወደኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

«ዶክተር ሁ» ሲወለድ ለአስተማሪነት ታስቦ ነበር። የቢቢሲ የድራማ ኃላፊ የነበረው ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከሚተላለፈው ስፖርት በኋላ ቤተሰብ አንድ ላይ የሚያየው ነገር ፈለገ፤ ልጆች እየተዝናኑ ታሪክና ሳይንስ የሚቀስሙበት። ስለዚህ ከዶክተሩ ጋር የሚጓዙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዲት የታሪክና አንድ የሳይንስ መምህር ሆኑ። ሥራው የተሰጠው ለ27 ዓመቷ ቬሪቲ ላምበርት ነበር፤ በጊዜው በቢቢሲ ድራማ ክፍል ሌላ ሴት ፕሮዲውሰር አልነበረም። ዳይሬክተሩ በሕንድ ላክናው ከተማ የተወለደው ወጣቱ ዋሪስ ሁሴን ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ ኬኔዲ በተገደለ ማግስት ተላለፈ። አገር ሁሉ ልቡ ሌላ ቦታ ስለነበር በሳምንቱ ደግመው አሳዩት።

ኒውማን ዓይናቸው የፈጠጠ የህዋ ጭራቆችን እንዳያይ አጥብቆ ከልክሎ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደራሲው ቴሪ ኔሽን ዳሌኮችን ይዞ መጣ፤ ሬይ ኩሲክ የሚባል የቢቢሲ ንድፍ ባለሙያ መላ አካሉ በብረት የተሸፈነ፣ እግር የሌለው፣ እየተንሸራተተ የሚሄድ ቅርጽ ሰጣቸው። የእንግሊዝ ልጆች በየትምህርት ቤቱ ግቢ ዳሌክ ሆነው መንጎራደድ ጀመሩ። ትምህርቱ ተረሳ፤ ድራማው ግን ዳነ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ዶክተር ዊልያም ሃርትነል ጤናው ታወከ። ሠሪዎቹ ድራማውን በመዝጋት ፈንታ ገጸ ባሕርይው መልኩን እንዲለውጥ አደረጉ፤ በኦክቶበር 1966 ሃርትነል ወድቆ ፓትሪክ ትራውተን ተነሣ። ከችግር የተወለደችው ይህች ዘዴ ድራማውን እስከ 1989 በሰባት ዶክተሮች አሻገረችው። እስከዚያ ወደ 700 የሚጠጉ ክፍሎች ተሠርተዋል።

ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹን ቢቢሲ ራሱ አጠፋቸው። ካሴት ውድ ነበርና የ1960ዎቹን ቅጂዎች እየደመሰሰ ሌላ ይቀዳባቸው ነበር። ወደ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች ምስላቸው እስከ ዛሬ የለም። ድምፃቸው ግን አለ፤ ያተረፉትም ተመልካቾች ናቸው። ያኔ ልጆችና ጎረምሶች የነበሩ አድናቂዎች የቴፕ መቅረጫቸውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ደቅነው ቀድተውት ነበር። ባለቤቱ የጣለውን ያነሱት እነርሱ ስለሆኑ «ድራማው የእኛም ነው» ሲሉ ባዶ ጉራ አይደለም። አንድን የቆየ ሥራ የሚያስነሳ ሰው ይህን የባለቤትነት ስሜት እንደ በሽታ ቢቆጥረው ይሳሳታል፤ እንደ ሕግ ቢቀበለውም ይሳሳታል።

በ1989 መጨረሻ ድራማው ያለ ስንብት ተቋረጠ። ቀጥሎ በመጡት ዓመታት አድናቂዎቹ በልብ ወለድ መጻሕፍትና በድምፅ ድራማዎች ታሪኩን ራሳቸው ቀጠሉት። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን በ1996 የጻፈው ራስል ቲ ዴቪስ ነው፤ በዌልስ ስዋንሲ የተወለደ፣ ዕድሜው ከድራማው ጋር እኩል የሆነ ሰው። ዴቪስ በሌሎች የቴሌቪዥን ሥራዎቹ ስሙን ካስጠራ በኋላ ቢቢሲ በሴፕቴምበር 2003 «ዶክተር ሁ»ን እንዲያስነሳ መመረጡን አስታወቀ። ሥራው ለንደን ሳይሆን ካርዲፍ በቢቢሲ ዌልስ ተሠራ። ክፍሎቹ እንደ ድሮው በየሳምንቱ የሚንጠለጠሉ የ25 ደቂቃ ቁርጥራጮች መሆናቸው ቀርቶ አብዛኞቹ በራሳቸው የሚያልቁ የ45 ደቂቃ ታሪኮች ሆኑ።

ማርች 26 ቀን 2005 የታየው የመጀመሪያው ክፍል «ሮዝ» ይባላል። የሴት ልጅ ስም ነው፤ ዶክተሩ በርዕሱም የለም። ካሜራው ከህዋ ቁልቁል ወርዶ ለንደን ውስጥ የአንዲት የ19 ዓመት ልጅ የማንቂያ ሰዓት ላይ ያርፋል። ሮዝ ከእናቷ ጋር በመንግሥት ፎቅ ቤት ትኖራለች፤ ትልቅ የልብስ መደብር ውስጥ ትሠራለች፤ ምሳዋን ከጓደኛዋ ጋር በአደባባይ ትበላለች። ማታ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ልብስ የለበሱት የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ይነቃነቃሉ። አንድ የቆዳ ጃኬት ያደረገ ሰው እጇን ያዝ አድርጎ እንድትሮጥ ይነግራታል። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አይናገርም። በዚያች ቅጽበት እርሷም አትጠይቅም፤ እየሮጠች ነዋ።

አሻንጉሊቶቹ በ1970 የታዩ የድራማው አሮጌ ጠላቶች ናቸው። በድሮው ታሪክ ኦቶን ይባላሉ። በአዲሱ ክፍል ውስጥ ግን ያን ስም አንድም ሰው አፉ ላይ አያደርገውም። ነባሩ ተመልካች ስሙን ራሱ በልቡ ያመጣዋል፤ ሌላው የሱቅ አሻንጉሊት ሰው ሲገድል ያያል፣ ይበቃዋል። በሌላ ቦታ ዶክተሩ በሮዝ ቤት ግድግዳ ላይ ባለ መስታወት ራሱን አይቶ በጆሮው ትልቅነት ይገረማል። አዲሱ ተመልካች ይስቃል። ነባሩ ግን «አሃ፣ መልኩን የለወጠው በቅርቡ ነው» ይላል። አንዲት ቀልድ ሁለቱንም እንደየዕውቀታቸው አስተናግዳለች፤ ከሁለት አንዱም የተነፈገው እንዳለ አልተሰማውም።

በጣም የምወደው ግን ክላይቭ የሚባለው ሰው ነው። ክላይቭ በጓሮው ክፍል ውስጥ ስለ ዶክተሩ መረጃ የሚሰበስብ የቤተሰብ አባወራ ነው። ለሮዝ ፎቶዎች ያሳያታል፤ ያው ሰውዬ ኬኔዲ በተገደለበት ቦታ፣ ያው ሰውዬ በ1912 ታይታኒክ ሊሳፈሩ ከነበሩ ቤተሰቦች ጋር። ክላይቭ ማለት እንግዲህ አድናቂው ነው። ዴቪስ አድናቂውን ፍቅር በተሞላበት ቀልድ ድራማው ውስጥ አስገባው፤ ማብራሪያ የመስጠትን ከባድ ሥራም አሸከመው፤ ክፍሉ ሳያልቅም በአሻንጉሊቶቹ አስገደለው! ራሱም አድናቂ ባይሆን ኖሮ ይህን ለማድረግ ድፍረት የሚያገኝ አይመስለኝም። በዚያ ምሽት 10.8 ሚሊዮን ሰው አየው፤ ቢቢሲም በቀናት ውስጥ ቀጣዩን ዙር ፈቀደ።

እነዚህ ሁሉ ግን ብልሃቶች ናቸው፤ ብልሃት ብቻውን 13 ክፍል አይሸከምም። ዋናው ነገር የተገለጠው በሁለተኛው ክፍል ነው። ዶክተሩ ለሮዝ አገሩ ተቃጥላ እንደጠፋች፣ ጦርነት እንደነበረ፣ ከወገኖቹ እርሱ ብቻ እንደቀረ ይነግራታል። ጦርነቱ የተካሄደው ድራማው በተቋረጠበትና አሁን በተጀመረበት ጊዜ መካከል ነው። በቴሌቪዥን ማንም አላየውም። 700 ክፍሎችን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ስለዚህ ጦርነት የሚያውቀው፣ ትናንት ማታ በአጋጣሚ ቴሌቪዥን ከከፈተች የስምንት ዓመት ልጅ አይበልጥም።

ዴቪስ ያደረገው ይኸው ነው። አዲሶቹን ለማስተማር ከመድከም ይልቅ ነባሮቹን አላዋቂ አደረጋቸው። የዶክተሩን አገር ጋሊፍሬይን ማጥፋት በሥራው በኩልም ትልቅ ሸክም አቀለለለት፤ ሥርዓቷን፣ ምክር ቤቷን፣ የመሪዎቿን ማዕረግ ለአዲስ ሰው ማስረዳት ቀረ። የቀረው አዲሱም ነባሩም በአንድ ላይ የሚያየው ነገር ነበር፤ ስለ ጦርነቱ በተነሣ ቁጥር ዶክተሩን የተጫወተው የክሪስቶፈር ኤክልስተን ፊት ሲጨልም። ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ደግሞ «ክፉ ተኩላ» የሚል ሐረግ በየታሪኩ ጥግ ብቅ ይላል፤ አንዴ በንግግር፣ አንዴ በግድግዳ ላይ ጽሑፍ። እንቆቅልሹ ከድሮው ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌለው አባትና ልጅ ከእኩል ቦታ ተነሥተው ይፈልጉታል።

የዚህ አሠራር ብርታት በደንብ የሚታየው «ዳሌክ» በሚለው በስድስተኛው ክፍል ነው። በሮብ ሺርማን የተጻፈው ይህ ታሪክ ዩታ ውስጥ በአንድ ቢሊየነር የምድር ውስጥ ሙዚየም ይጀምራል። ቢሊየነሩ ምንነቱን ያላወቀው አንድ ፍጡር በሰንሰለት ታስሮ አለው። በ2005 ዳሌክ ለብዙ እንግሊዛዊ መሳቂያ ነበር፤ ደረጃ መውጣት የማይችል የብረት ቆርቆሮ እየተባለ በየኮሜዲው ይቀለድበት ነበር። ታዲያ ይህን ፍጡር ለአዲስ ሰው እንዴት ታስፈራዋለህ? ታሪኩን ተርከህ አይሆንም። ሺርማን ዶክተሩን ከፍጡሩ ጋር ጨለማ ክፍል ውስጥ ዘጋበት። እስካሁን በሁሉ ነገር ሲቀልድ ያየነው ሰው ድምፁን ሲሰማ በሩን መደብደብ ጀመረ፤ ከዚያም የጠላቱ መሣሪያ እንደማይሠራ ሲያውቅ ፍርሃቱ ወደ ጭካኔ ተለወጠ። ስለ ዳሌክ ማወቅ የሚገባን ሁሉ ከዚህ ፊት ላይ ተነበበ።

ሮዝ ይህን አላየችም። እርሷ ያየችው የሚሠቃይ እስረኛ ነው፤ አዝና ትነካዋለች። እዚህ ላይ ነባሩ ተመልካች «ኧረ ተይ!» እያለ ይጮኻል፤ አዲሱ ከእርሷ ጋር ያዝናል። ያላወቀችው ልጅ ርኅራኄ እና ያወቀው ሰውዬ ጥላቻ ይጋጫሉ፤ ታሪኩም ፍርዱን ለዶክተሩ ዝም ብሎ አይሰጥም። ከዚያ ዳሌኩ ያመልጣል፤ ሰዎች ወደ ደረጃ ሮጠው ይወጣሉ፤ አንዱም በድሮው ቀልድ ያሾፍበታል። ፍጡሩ ከመሬት ተነሥቶ በአየር ላይ ደረጃውን መውጣት ይጀምራል። ቀናተኛ አድናቂ ይህ በ1988ም ታይቶ እንደነበር ያስታውሳል። ቢያስታውስም ከመደንገጥ አላዳነውም።

ዴቪስ የቆዩ ነገሮችን በመጠን እየለካ መለሳቸው፤ ዳሌክ በ2005፣ ሳይበርማን የሚባሉት ጠላቶች በ2006፣ ማስተር በ2007። ዶክተሩ መልኩን መለወጥ እንደሚችል እንኳ የተነገረው በመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ ክፍል ላይ፣ ኤክልስተን በዴቪድ ቴናንት ሲተካ ነው። አዲሶቹ ተመልካቾች ዕውቀቱን በትምህርት አላገኙትም፤ በ13 ሳምንት የወደዱትን ሰው በማጣት አገኙት፤ ልክ የ1966 ልጆች እንዳገኙት። በ2006 ደግሞ በ1970ዎቹ ከዶክተሩ ጋር ስትጓዝ የነበረችው ሣራ ጄን ስሚዝ ተመለሰች። ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ምን አየ? በአንድ ወቅት ተወድዳ ድንገት መንገድ ላይ የቀረች ሴት፣ በሮዝ ፊት ቆማ። የሮዝን ነገ አየ።

በሌላ አገር፣ በሌላ ድራማ ተመሳሳይ ሥራ በ2009 ተሠርቷል። ጄ ጄ ኤብራምስ «ስታር ትሬክ»ን ለሲኒማ ሲያስነሳ የድሮ አድናቂ እንዳልነበረ በግልጽ ይናገር ነበር። የእርሱ ፊልም ከወደፊቱ የመጣ ጠላት የካፒቴን ከርክን አባት ገድሎ ታሪክን ከሐዲዱ ሲያስወጣ ይጀምራል። ቀጥሎ የባልደረባው የስፖክ አገር ቩልካን ከነሕዝቧ ትጠፋለች፤ እናቱም በዓይኑ ሥር ትሞታለች። ነባሩ ተመልካች እናቱ እስከ እርጅናዋ እንደምትኖር ያውቃል። አሁን የሚያውቀው ሁሉ ዋስትና መሆኑ አበቃ፤ ከርክም ሊሞት ይችላል፣ የህዋ መርከባቸውም ልትጠፋ ትችላለች። የድሮው ተዋናይ ሌናርድ ኒሞይ በእርጅናው ስፖክን ሆኖ መምጣቱ ደግሞ የድሮው ዓለም እንዳልተሰረዘ፣ በሌላ መስመር እንዳለ ለአድናቂው ማረጋገጫ ሰጠው።

ኤብራምስ ራሱ በ2013 በሠራው ሁለተኛ ፊልም ተሰናከለ። ክፉው ገጸ ባሕርይ በሐሰት ስም ይዞራል፤ ፊልሙ ወደ መሐሉ ሲደርስ እውነተኛ ስሙ ካን መሆኑን በከባድ ድምፅ ይናገራል። ካን በ1967 የታየ፣ በ1982 ደግሞ በሲኒማ የተመለሰ ዝነኛ ጠላት ነው። ግን ስሙን የሚሰሙት ከርክና ስፖክ ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም፤ ስለዚህ ምንም አይሰማቸውም። አዲሱ ተመልካችም ምንም አይሰማውም። ነባሩ ደግሞ ፊልሙ ከመውጣቱ ወራት በፊት ገምቶታል። ያ ምስጢር ለማን ተቀመጠ?

«ዶክተር ሁ»ም ከዚህ ወጥመድ አላመለጠም። ያልታየው ጦርነት በኖቬምበር 2013፣ በ50ኛው ዓመት በዓል ላይ ታየ። ስቲቨን ሞፋት የጻፈው ያ ፊልም በ94 አገሮች በአንድ ጊዜ የተላለፈና ሠርግ የመሰለ በዓል ነበር፤ ጆን ኸርት የተጫወተው ማንም የማያውቀው ዶክተር ደግሞ አዲስ ክፍተት ነበር። ሆኖም ትልቁ ጉድጓድ በዚያ ተደፈነ። በ2020 ድራማውን ተረክቦ የነበረው ክሪስ ቺብናል ሌላ ሊቆፍር ሞከረ፤ ዶክተሩ በጋሊፍሬይ እንዳልተወለደ፣ ከማይታወቅ ቦታ የተገኘ ሕፃን እንደነበረ ተነገረን። ሐሳቡ ሲያዩት የዴቪስን ይመስላል። ልዩነቱ የዴቪስ ክፍተት ዛሬ ላይ የቆመ ሐዘን ሲሆን የቺብናል የትውልድ ሐረግ ማረሚያ መሆኑ ነው። የድሮውን ሐረግ ያላወቀ ሰው ስለ እርማቱ ምን ገዶት? በዚያ ላይ ብዙው ነገር የተነገረው ማስተር ቆሞ በሚሰጠው ረጅም ገለጻ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የዴቪስ ራሱ መመለስ ነው። ቢቢሲ ከዲዝኒ ፕላስ ጋር ተዋውሎ፣ በሩዋንዳ ተወልዶ በስኮትላንድ ያደገውን ንኩቲ ጋትዋን ዶክተር አድርጎ ሲመጣ፣ የ2024ቱ ዙር ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ጀመረ። አዲስ ሰው ያለ ፍርሃት እንዲገባ ታስቦ ነበር። ሆኖም በመክፈቻው ክፍል ዶክተሩ ለአዲሷ ባልደረባው ለሩቢ ስለ ወገኖቹ፣ ስለ አገሩ መጥፋት፣ ስለ ማደጎነቱ፣ ስለ ሣጥኗ አሠራር በደቂቃዎች ውስጥ ዘርዝሮ ይነግራታል። በ2005 ዴቪስ ለ13 ሳምንታት ያከፋፈለውን በአንድ ጉርሻ አጎረሳት። የዙሩ መጨረሻ ከ1975 ታሪክ ሱቴክ የተባለውን ጠላት አስነሣ፤ የ2025ቱ መጨረሻ ደግሞ በዋናው ድራማ ከ1987 ወዲህ ያልታየችውን ራኒን፣ እንዲሁም በ1973 የተዋወቅነውን ኦሜጋን። በቁጥር አንድ የጀመረ ሥራ አሥርተ ዓመታት በተሻገሩ ስሞች ላይ ተደገፈ።

ዴቪስ ችሎታው ጎድሎ ነው ብዬ አላምንም። የተለወጠው ቦታው ነው። በ2005 ድራማው የሞተ ስለነበር ሊያጠፋው የፈለገውን ማጥፋት ይችል ነበር፤ ከተቋረጠ 15 ዓመት ያለፈው ታሪክ በመሐሉ ምን እንደተከሰተ የሚጠይቀው አልነበረም። በ2023 የተረከበው ግን 18 ዓመት ያህል ሳይሞት የቆየ፣ ዶክተሩ በየዓመቱ በቴሌቪዥን የሚታይ፣ ማንም ያላየው ክፍተት የሌለው ታሪክ ነው። ያልሞተን ማስነሣት አይቻልም።

በሜይ 2025 ጋትዋ ሲሰናበት መልኩ ወደ ቢሊ ፓይፐር ተለወጠ፤ ሮዝን የተጫወተችው ያችው ተዋናይ። ድራማውን ጋትዋን ብለው የጀመሩ ወጣቶች ፈገግ የምትል ወርቃማ ፀጉር ያላትን ሴት አዩ፤ የቀሩት 20 ዓመት ትዝታ ወረደባቸው። በኦክቶበር 2025 ቢቢሲ ዲዝኒ ፕላስ እንደማይቀጥል፣ ለ2026 ገና በዓል ግን ዴቪስ አንድ ልዩ ክፍል እንደሚጽፍ አስታወቀ። ያ ጽሑፍ በመጀመሪያ ደቂቃዎቹ ይችን ፊት ለሁለቱም ወገን ማስረዳት አለበት፤ ለአንደኛው ማን እንደነበረች፣ ለሌላው ደግሞ ለምን እርሷ እንደሆነች።